ጋሽ ቢሻው ወይፈን ሲመርጡ

ስለ ጋሽ ቢሻው የጻፈ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ደካማ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ቢሆንም ያየሁትን ልሞክር። ከተሳሳትኩ የሚያውቅ ያርመኝ።

ጋሽ ቢሻው ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከኛ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው የሚኖሩት። ወጣት ሳሉ ለነጋዴ ከብት ይነዱ ነበር፤ ከደካ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ፣ በእግር። ቀኑን ሙሉ ከከብት ኋላ የሚሄድ ሰው የከብት ፊት አያይም መሰለኝ፣ ዛሬም ወይፈን ሲያዩ ከኋላ ነው የሚጀምሩት። ምንድን ነው የሚያዩት? እላለሁ በልቤ። አፍሬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ሠፈራችን የማድለብ ማኅበር አቋቋመ። ለቦንጋ ሉካንዳ ቤቶች ሰንጋ ልናቀርብ ነው። ላሞቻችንን የሚያጠቃ አንድ ኮርማ ከወይፈኖቻችን መሀል ይመረጥ ተባለ። የተመረጠው ሳይኮላሽ ይቀራል፣ መኖውን ማኅበሩ ይችለዋል፣ የሠፈሩ ጥጃ ሁሉ የሱ ልጅ ይሆናል። ያልተመረጡት በዚያው ቀን ተኮላሽተው ለማድለብ ይታሰራሉ።

እኔም ወይፈን ነበረኝ። ባለቤቴ ሲሞት ገና ጥጃ ነበር፤ የእንሰት ቅጠል እየቆረጥኩ በእጄ አሳደግኩት። ጥቁር ነው፣ ጫንቃው ሰፊ፣ ሻኛው ቀጥ ያለ። እኔ ሰው መሀል ስሜ ተነስቶ የማያውቅ ሴት ነኝ። «የብርቅዬ ኮርማ» ሲባል መስማት ፈልጌ ነበር። አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

በምርጫው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ስድስት ወይፈን ቀረበ። የግብርናው ባለሙያ አብነት ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ገና ልጅ ነገር ነው ግን ትሑት ነው። ወንዶቹ ወይፈኖቻቸውን ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አድርገው አቆሙ። እንደዚያ ሲቆም ከብት ሁሉ ግዙፍ ይመስላል።

ጋሽ ቢሻው ደረሱና «አዙሩልኝ» አሉ። «ዳገት የማያሳምረው ማን አለ? እኔም ሽቅብ ስቆም ረጅም ነኝ።»

ሰው ሳቀ። ወይፈኖቹ ቁልቁል ሲዞሩ ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር የገሠሠ ወይፈን ወገቡ ስርጉድ ብሎ ታየ። ገሠሠ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ አንድ በአንድ አስኬዱ። እሳቸው ቁጢጥ ብለው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ገመድ የማስተካክል መስዬ ተጠጋሁ። ለካ የሚያዩት ዱካውን ነው! የኋላው እግር የፊተኛው በረገጠበት ላይ ያርፍ እንደሆነ፣ አጥሮ ይቀር እንደሆነ። ቀጥለው የጭኑን ሥጋ እስከ ጉልበቱ በመዳፋቸው ወረዱበት። ከጎድኑ ላይ ቆዳውን ቆንጥጠው ሳቡ። ቆለጡን ጨብጠው ሁለቱም እኩል መሆናቸውን አዩ። የአንዱ ወይፈን አንዱ ፍሬ ወደ ላይ ተደብቆ ተገኘና «ይኼ ለልጁም ያወርሰዋል» ብለው አስወጡት።

«ጋሽ ቢሻው» አለ ገሠሠ፣ «ሊገዙት ነው ወይስ ሊድሩለት?»

«ልድርለት ነው እንጂ። ታዲያ የሙሽራውን ገላ አላይ?»

የኔ ተራ ደረሰ። አብነት ደረቱን ለካና «መቶ ሠላሳ ስምንት! ከሁሉም ይበልጣል!» አለ። ወንዶቹ ከበቡት። «ይኼ ጫንቃ ቀንበር ይሰብራል!» ይላሉ። እኔም ራሱን ቀና እንዲያደርግ ገመዱን ሳብ አደረግኩ።

«ልታርሱበት ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ቢሻው። «ሁልጊዜ ኮርማን እንደ እርሻ በሬ ታያላችሁ። ሉካንዳ ቤት ገብቶ ጫንቃ ቁረጥልኝ ያለ አለ?»

ከዚህ በኋላ ያደረጉት የሳቸው ልማድ ነው፤ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። እያንዳንዱን ባለ ወይፈን «ይኼ ሲወለድ እንዴት ነበር?» ይሉታል። ወንዱ «ምን አውቄ፣ ገበያ ነበርኩ» ይላል። «እንግዲያው ሚስትህን ጥራት» ይላሉ። ሥራውን ያቆማሉ፣ ሴትዮዋ ከጓሮ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። የሣህሌ ሚስት አበዛሽ መጣች፣ እጇ በሊጥ ተለውሷል። የነሱ ወይፈን ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ማንም ያላየው ነበር።

«ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጥጃው ቆሞ ይጠባል» አለች። «እናቲቱ ሣር ትግጣለች። እኔን እንኳ አልጠበቀችኝም።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ብርቅዬ? ያንቺ እንዴት ተወለደ?»

እኔን የሚጠራኝ ባል የለም፣ እዚያው ነኝ። ሲወለድ ገመድ የያዝነው ሦስት ነበርን። ባሌ ሞቷል፣ ወንድሙ ከፈለኝ ወደ ቢታ ገነት ሄዶ እዚያው ቀርቷል፣ ሦስተኛዋ እኔ። «በደህና» ብል የሚያውቅ የለም። ከአጥሩ ወዲያ የአበዛሽ ጊደር ታስራ ትታየኛለች፣ ፍየል የምታክል። የሠፈራችን ላሞች ትናንሽ ናቸው፤ የሱን ጥጃ እንዴት ይወልዱታል?

«በገመድ ነው የሳብነው» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«በገመድ!» አልኩ፣ ጮኽኩ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት!» አለ ገሠሠ።

ጋሽ ቢሻው ግን አልተቆጡም፣ አላመሰገኑኝም። ወደኔ ቀረቡና «ለላምሽ የመጀመሪያዋ ነበር?» አሉ።

«አራተኛዋ ነው።»

«ሌሎቹ ሦስቱስ?»

«ያለ ማንም ነው የወለደቻቸው።»

«ጭንቅላቱ ወጥቶ ነው የተያዘው?»

«አዎ፣ ጫንቃው ጋ ሲደርስ።»

መዳፋቸውን ዘርግተው ጫንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፈሩት፣ ደግመው ሰፈሩት። «እናትየዋ ጥፋት የለባትም» አሉ። «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጫንቃ አይቼ መረጥኩ። በዓመቱ አራት ላሞች ምጥ ላይ ሞቱ። ዓይኔን ብቻ ማመን የተውኩት ያኔ ነው።»

የሣህሌ ቀዩ ተመረጠ። የኔ ከቀሩት ጋር ተኮላሸ። ሌላ ሰው ይያዘው ቢሉኝ እምቢ አልኩ፣ ገመዱን ራሴ ያዝኩ። ሲያጓራ እንባዬ መጣ፣ በነጠላዬ ላብ የምጠርግ መስዬ ጠረግኩት።

ሰው ሲበተን ጋሽ ቢሻው አልሄዱም። ቆዳውን ቆንጥጠው «ልል ነው፣ በደንብ ይደልባል» አሉ። ከዚያ «ያቺን ላምሽን ላያት እችላለሁ?» አሉኝ። ሦስቱን በደህና የወለደች ላም እንዴት ያለች እንደሆነች ማየት ፈልገው ነው።

ጓሮዬ መጡ። እሳቸው ዳሌዋን እየዳሰሱ ስለ እያንዳንዱ ምጥ ይጠይቁኛል፤ ስንት ሰዓት ቆየች፣ ተኝታ ነው ቆማ፣ እንግዴ ልጁ መቼ ወጣ። እኔም እመልሳለሁ። ያን ያህል ብዙ የማውቅ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተሳስተው «ሁለተኛውን የወለደችው ክረምት ነበር አልሽኝ» ሲሉኝ፣ «የለም፣ በጋ ነው ያልኩዎት» ብዬ አረምኳቸው።