አዛኙ ገበጣ

ጠጠር በእንጨት ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል፣ ቀጥሎም የአባቷ ዘለፋ፤ እጅጋየሁ ልጅነቷን ስታስብ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮዋ ላይ የሚመጣው ይህ ነው። በቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ ግንበኛው አባቷ አቶ ስማቸውና ባልንጀራቸው አያ አንዳርጋቸው ከሥራ መልስ ገበጣ ይጫወቱ ነበር።

«ምነው እጅህ ራደ? ሚስትህ ራት ከለከለችህ?» ይላሉ አባቷ።

«አንተ ጉድጓድህን ጠብቅ! ዛሬ ባዶ እጅህን ነው የምትገባ» ይላሉ አያ አንዳርጋቸው። ብዙውን ጊዜ ግን ባዶ እጃቸውን የሚገቡት እርሳቸው ነበሩ።

አቶ ስማቸው ካረፉ ወዲህ አያ አንዳርጋቸው ገበጣ ነክተው አያውቁም። «ከማን ጋር?» ይላሉ፣ ሰው ሲለምናቸው።

እጅጋየሁ አሁን ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ድረ ገጽ እየሠራች ትተዳደራለች። ስልክ ላይ መጫን ሳያስፈልግ በብሮውዘር የሚከፈት ገበጣ ሠራች። ከሰው ጋር የሚጫወተውን ኮምፒውተር «ስማቸው» አለችው፤ የአባቷንም አጨዋወት አስተማረችው። አባቷ አንዱን ጉድጓድ ዝም ብለው ያደልቡና ተጋጣሚያቸው ሲዘናጋ በአንድ እፍኝ ይዘሩት ነበር። አጨዋወቱ በትክክል መያዙን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል። እሷም የምትሻው ከአያ አንዳርጋቸው አፍ «አዎ፣ እሱ ነው» የሚል ቃል ነበር።

ተጫዋቾች አስተያየት ይጽፉላት ጀመር። በአሮጌ ስልክ መከፈቱን፣ የጠጠሩንም ድምፅ ወደዱላት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ጨዋታው እንደ አዲስ መጀመሩን፣ ጉድጓዶቹም ተጠጋግተው ጣት ማሳታቸውን ነቀፉ። ይህን ሁሉ አስተካከለች። አንዱ ስሞታ ግን አላባራ አለ። «ይህ ስማቸው የሚሉት ሰው አንጀት የለውም? መሸነፍ ሰለቸን!» ብላ ይመኙሽ የምትባል የደባርቅ ልጅ ጻፈች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ቀስ በቀስም መጫወቱን ተዉ።

አባቷ ስክሪን ላይ ተጋጣሚ አጥተው ብቻቸውን ሲቀመጡ ማየት አልሆነላትም። ስለዚህ ሰው ደጋግሞ ሲሸነፍ «ስማቸው» ሆን ብሎ እንዲሳሳት አደረገች። ተጫዋቾቹ ተመለሱ። «አሁን ሸጋ ሆነ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያ አንዳርጋቸውን ለምና በባጃጅ አመጣቻቸው። «ስማቸው»ን ሆን ብሎ የሚያሳስተውን ማዘኛ ላጥፋው ይሆን ብላ አሰበች። ደግሞ ሽማግሌው ሲሸነፉ ውለው ከፍቷቸው እንዳይሄዱ ሰጋችና ተወችው።

አያ አንዳርጋቸው መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት እንደ ተጫወቱ በሣቅ ፈነዱ።

«አየሽው? አየሽው ሲያደልብ! ኧረ ይሄ ሆዳም! ስማቸው፣ እዚያም ሄደህ አመልህን አልተውህም?»

የእጅጋየሁ ዓይን እንባ ሞላ። ሽማግሌው ተሸነፉ፤ ጉልበታቸውን መትተው «ድገም!» አሉ። አሁንም ተሸነፉ። እንደ ጥንቱ ይሳደባሉ፣ ይዝታሉ፣ ፊታቸው ወዝ አግኝቷል። «እሱ ነው፤ ራሱ ነው!» አሏት። የናፈቀችውን ቃል አገኘች።

በመጨረሻው ጨዋታ ግን «ስማቸው» የደለበውን ጉድጓድ ሜዳ ላይ ጥሎ ዳር ዳሩን ይነካካ ጀመር። አያ አንዳርጋቸው ጠጠሩን ሁሉ ጠረጉ። አልሣቁም።

«ምነው ይህን ተወ?»

«ተሳስቶ ይሆናል፣ አያ።»

«ስማቸው? የሞት አልጋው ላይ ተኝቶ እንኳ አሸንፎኛል እኮ!» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ነሽ?»

«ተጫዋቾቹ… መሸነፍ ሰለቸን ብለው…»

«እኔ ሰለቸኝ አልሁሽ?»

እጅጋየሁ እጇን ወደ ስክሪኑ ሰደደች። «አጠፋዋለሁ፣ አያ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፤ እንደገና ይጫወቱ።»

«ከእንግዲህስ ባሸንፍ፣ እኔ ማሸነፌን በምን አውቃለሁ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ብዙ ጠረጉ። ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸነፉ!» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። እጅጋየሁ ልታጠፋው ጎንበስ አለች። ቀና ስትል በሩ ተከፍቷል። ሳይመርቋት የማይለዩት አያ አንዳርጋቸው ደኅና ዋይ እንኳ ሳይሏት ወጥተው ነበር።