ጥሩብርሃን እህል የጠላችበት ዓመት

ጎርፉ ፎገራን በዋጠበት ክረምት ጥሩብርሃንና ባሏ ገበያው ወዳለበት ከፍ ያለ ቦታ ሸሽተው አስራ ሁለት ቀን ከረሙ። ሲመለሱ እርጉዝ ላማቸው እንደታሰረች ሞታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ በሩን ዘግታ ተጋድማለች። ጎትተው ሊያወጧት ሲሞክሩ የኋላ እግሯ ተገንጥሎ ጥሩብርሃን እጅ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላት። ጎረቤቶች ላም ሲያልቡ ትሸሻለች፤ ቅቤ ያቅለሸልሻታል፤ ሩዙ እንኳ ሲፈላ የረጋውን የጎርፍ ውሃ ይሸታታል። ጥር ላይ አጥንቷ ገጠጠ። መንደርተኛው «በሽታው ነው» እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ። ደሟን ተመርምራ ነፃ ነሽ ብትባልም ያመናት የለም።

ታናሽ እህቷ አምሳል ወደ ወረታ ከተማ ወስዳ የአመጋገብ ምክር ከሚሰጥበት ክሊኒክ አስገባቻት። ነርሷ ፀገነት መዘነቻት፤ ክንዷን ለካች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ሥዕል እያሳየች፣

«እናቴ፣ በየቀኑ ወተት ይጠጡ። እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ...» አለቻት።

ሥዕሉ ላይ የወፈረች ላም ነበረች። ጥሩብርሃን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ የነርሷ ጫማ ላይ አስመለሰች፤ የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው።

«ውይ እትዬ!» አለች አምሳል፣ ደንግጣ በነጠላዋ ልትጠርግ እያጎነበሰች።

ፀገነት ፊቷን አጨፈገገች። ጫማዋን አየች፤ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ተነስታ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ገለበጠችው።

«ምንድን ነው የሚሸትዎት?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስለ ላሟ እግር፣ ስለ ትሉ፣ ከሆዷ ስለ ፈሰሰው ሁሉ ነገረቻት። ስትጨርስ ነርሷ ራሷ አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

«የማይሸትዎትስ?»

ጥሩብርሃን አሰበች። «የተቆላ ሽምብራ።»

«በሱ እንጀምር። ወተቱን እርግፍ አድርገው ይተዉት።»

በየአስራ አምስት ቀኑ ተመላለሰች። ከቆሎው ወደ በሶ፣ ከበሶው ቅቤ ወዳልነካው ሽሮ ተሻገረች። ለፋሲካ አራት ኪሎ ጨምራ ነበር።

በበዓሉ ማግስት ጎረቤቷ ደብረወርቅ መጣች። የበሽታው ወሬ ከተነሳ ጀምሮ ለጥሩብርሃን ብቻ የተለየ ጣሳ ስታቀርብ የከረመች ሴት ናት።

«እሰይ፣ አማረብሽ!» ብላ ልትስማት ተጠጋች።

ጥሩብርሃን ያ ማቅለሽለሽ ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ ተሰማት። ጉንጯን ዘወር አደረገች።

«ሥራ አለብኝ» ብላ ወደ ማሳዋ ወረደች።