የሦስት ቀን ድንኳን

ዝናብ የመታው የድንኳን ሸራ ሽታ ታውቂዋለሽ? ጭሱ፣ እርጥብ ሣሩ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ዛሬ አባቴ ካረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ሊያነሡ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ትንሽ ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። አንቺም ተቀመጪ፣ ይሄ ሦስት ቀን ከየት እንደመጣ ላጫውትሽ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ኮልፌ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ በሚሆን ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ጠዋት እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ከተቀመጠ የመወርወሪያው ድምፅ እስኪመሽ አይቋረጥም። በቆርቆሮው ሽንቁር የገባ ብርሃን ድሩ ላይ ያርፋል። አያቴ፣ የእሱ እናት፣ ከጎኑ ሆና ትፈትላለች። በሰፈራችን እድር ውስጥ ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ የቤት ባለቤትና ተከራይ። መዋጮው እኩል ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚሸከመው፣ መቃብር የሚቆፍረው ግን ተከራዩ ነው፤ ሸማኔው፣ ወዛደሩ፣ ቆሼ ላይ ቆሻሻ የሚለየው። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት የሚፈቀደው ለባለቤቶቹ ብቻ ነበር። ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም ይሉ ነበር። እኛ እኮ እዚያ ግቢ ያሳለፍነውን ክረምት እግዜር ይቁጠረው!

አንድ እሁድ ባለቤቶቹ እጃቸውን አወጡና፣ ሸራው እያለቀ ስለሆነ ለተከራይ ልቅሶ ድንኳኑ አንድ ቀን ብቻ ይቁም ብለው ወሰኑ። ለራሳቸው ግን እንደ ድሮው ሦስት ቀን። አያቴ ያን ጊዜ ታማ ተኝታ ነበር። አባቴ መጥቶ ነገራት።

«ልጄ፣ ወንድሜ ሰምቶ ከጨንቻ እስኪደርስ ሁለት ቀን ያልፋል» አለችው። «ባዶ ሜዳ ላይ ሊያለቅስልኝ ነው?»

አባቴን ከጉድጓዱ ያስወጣችው ይቺ ንግግር ናት። ከሥራ በኋላ በየተከራዩ ቤት እየዞረ ማነጋገር ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ፈሩ። አከራዬ ቢያስወጣኝስ የማይል አልነበረም፤ እውነታቸውን ነው። ኋላ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ ምላሷ የማይቻል ሴትዮ፣ ለባለቤቶቹ የሚቀበሩበትን የሚቆፍርላቸው እጅ ሲወጣ ለምን ያስፈራቸዋል ብላ ወንዶቹን አሳፈረቻቸው። ከዚያ ሰው እየበዛ ሄደ። የእኛ ግቢ ብቻ የነበረው ነገር ሰፈሩን ሞላው። በመጨረሻም ድምፅ እስኪሰጠን ድንኳን አንነካም ብለው ተማማሉ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ ማለዳ ጡሩምባ ተነፋ። የእድሩ ዳኛ ሚስት አርፈዋል። ያ የአንድ ቀን ውሳኔ የተላለፈው በባልየው ዳኝነት ነው። ጡሩምባ ነፊው ራሱ ተከራይ ነው፣ ራሱም ምሏል፤ ግን ነፋው! አባቴ ብድግ ብሎ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። የእድሩ ዕቃ ቤት ስንደርስ የማሉት በሙሉ እዚያ ናቸው፤ አንዱ ምሰሶ ተሸክሟል፣ አንዱ ችካል ታቅፏል። መሐላቸው ትዝ ያላቸው እርስ በርስ ሲተያዩ ነው። ልብስ አጣቢዋ የውሃ ባልዲዋን እንደያዘች፣ አይ እኛ፣ አድማ እንኳ አናውቅበትም ስትል እያፈሩ ሳቁ። ከዚያ ድንኳኑን ተከሉት። ምን ያድርጉ፣ ልቅሶ ሲሰሙ እግራቸው ቀደማቸው።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ድንኳኗ አንድ ቀን ቆመ፤ በማግስቱ አባቴ ችካሉን በገዛ እጁ ነቀለ። ወንድሟ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ችካል የነበረበት ቀዳዳ አጠገብ ቆሞ አለቀሰ። አባቴ የሚገባበት ጠፋው። እኔም ያን ቀን ባለቤቶቹን ጠላኋቸው፣ ለምን እዋሻለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አባቴ ይቀራል ብዬ ነበር፤ ሄደ። ተከራዮቹ እንደ ወትሮው ከኋላ ሳይሆኑ ከፊት ተቀመጡ። አባቴ ተነሥቶ፣ ድንኳን ለሁሉም ሦስት ቀን ይቁም አለና እጁን አወጣ። ሁሉም ተከትለው አወጡ። ጸሐፊው፣ ተከራዮች እጃችሁን አውርዱ አለ። ያወረደ የለም። ደግሞ ተናገረ፤ ማንም አላወረደም። ዳኛው፣ በሐዘን ጥቁር ልብሳቸው፣ እጆቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ቁጠራቸው» አሉት።

ሦስት ቀኑ ለሁሉም ጸድቆ ወደ ቤት ስንመለስ፣ አባዬ፣ ለአያቴ እኮ አልደረሰላትም አልኩት። አፌ ያን ጊዜም አርፎ አይቀመጥም ነበር።

«የሌላ ሰው ወንድም ይደርሳል» አለኝ። ቤት ገብቶ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተና ሥራውን ቀጠለ።

ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሚሠራበት ሩቅ አገር የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ገና ከመኪና ሲወርድ ድንኳኑን አይቶ ሮጠ። እዚህ ሥር ገብቶ እስኪበቃው አለቀሰ። በይ፣ አሁን ልጆቹን ጥሪልኝና ያንሡት። ያን የጥጉን ችካል ግን እንዳይነኩት ንገሪያቸው፤ እሱን እኔ እነቅለዋለሁ።