ፒዩሪታኖቹና የእኔ ደብተር

በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ አሰላ እኛ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት አሜሪካዊት አስተማሪ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደልን ከወንድሜ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከአሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው የተማርሁት። አስተማሪዋ ይህን ስታውቅ ስለ መጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጸሐፊዎች የሚያወራ መጽሐፍ አዋሰችኝ።

እነዚያ ሰዎች ፒዩሪታን ይባላሉ። እምነታችን ይጥራ ብለው ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግረው የሄዱ ክርስቲያኖች ናቸው። ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፤ ገናን ግን አያከብሩም። ለእናቴ ብነግራት፣

«ገና ከሌለ ታዲያ ምን ሊፈስኩ ነው የሚጾሙት!» አለች።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ነፍስ አባት የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነፍሱን ራሱ እየመረመረ በደብተር ይጽፋል። ላም ብትጠፋበት፣ ልጅ ቢታመምበት፣ እግዚአብሔር ምን ሊነግረኝ ነው ብሎ ይጽፋል። ቃል ሳያሳምር፣ እንዳየው። የአሜሪካ ድርሰት ከእንዲህ ያለው ማስታወሻና ከስብከታቸው ነው የበቀለው አለችኝ አስተማሪዋ። ታዲያ እኔስ ምን አንሶኝ? ደብተር ገዛሁ።

ረቡዕ ቀን ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት እርጎ መጠጣቴን ጻፍሁ። እናቴ ከሌላዋ ጎረቤታችን ጋር በዶሮ መጣላቷንም ጻፍሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ደብተሩን ፍራሼ ሥር ስታገኘው «ልጄ እነዚያን ገና የማያከብሩትን ተከትላ ሃይማኖቷን ለወጠች» ብላ ነፍስ አባታችንን ጠርታ አመጣች።

«አባቴ፣ ይቃጠል ይበሉኝ። ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚባል እጇ አይገባም» አለች።

እሳቸው ደብተሩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«አባ ቅዳሴ ላይ አንቀላፉ ብለሽ ስለ እኔ ጽፈሻል?»

«አዎ አባ። ግን የጻፍሁት እንደ ራሴ ኃጢአት ቆጥሬው ነው፤ በጸሎት ሰዓት እርስዎን ሳይ ስለቆየሁ።»

ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ኃጢአትሽን ለወረቀት ብትነግሪው ይፈታሻል እንዴ?» አሉኝ።

«አይፈታኝም። ኃጢአቴን ለእርስዎ እናዘዛለሁ። ያየሁትን ግን ልጻፍ አባ፤ ከምንም በላይ የምወደው እሱን ነው።»

እናቴን አዩ፣ ደብተሩን አዩ።

«ለእርጎው አርባ ስግደት። እዚህ ውስጥ ግን ሃይማኖት የሚያስለውጥ ነገር አላየሁም» ብለው ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ስለ እኔስ ጽፋለች?» አለች እናቴ።

«ጽፋለች።»

«ምን ብላ?»

«እሱን ራሷ ታንብብልሽ» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

አነበብሁላት። «እናቴ በዶሮ ምክንያት ጎረቤታችንን ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳቻት።»

«ውሸት!» ብላ ብድግ አለች። «ሁለት ቀን ነው! በሦስተኛው ቀን ቀድሜ ደህና አደርሽ ያልኋት እኔ ነኝ። በይ አሁኑኑ አስተካክለሽ ጻፊው!»

እርሳሴን አነሣሁ።