ሬዲዮውን ያጠፋችው እህት

የራሰ ባና የሚሸትበት ክፍል ውስጥ ማስተማር ለእኔ ከባድ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ጠዋት የጀመረው ዝናብ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አላባራም፤ ከገጠር በእግራቸው የሚመጡት ተማሪዎቼ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን እንደ ተከናነቡ ገቡና ያ የጠጉር፣ የጭስና የበረት ሽታ ከእነሱ ቀድሞ ክፍሉን ሞላው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ፕላኔቶች ነበር። ፀሐይን በቢጫ ጠመኔ ስዬ፣ ፕላኔቶቹን በቅደም ተከተል እየጻፍኩ አራተኛዋ ላይ ስደርስ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ሰዎቹ ሌላ ፕላኔት ሄደው የሰፈሩበትን ድራማ አይተውታል?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ ተከታታይ ድራማ ነው፤ አሁን ደግሞ በየስልኩ እየዞረ ኖሯል። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። «እህትየዋ ሬዲዮውን ማጥፋት አልነበረባትም፤ ጨካኝ ናት!» አሉ ግማሾቹ። «እስከ መቼ ትጠብቅ ታዲያ? እሷስ ሰው አይደለችም?» አሉ ሌሎቹ። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ነገር ማስረዳት የምወድ ሰው መሆኔን ያውቃሉ፤ እኔ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሬ አምስተኛዋን ፕላኔት ጻፍኩ።

ያደግሁት ዘመሮ ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው ጋሽ ማሞ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ ቴሌቪዥኑም የሚቀመጠው በዚያው በሚሰፉበት ክፍል፣ ከስፌት መኪናው ጎን፣ ራሳቸው በሰፉለት ባለዘርፍ ሽፋን ተሸፍኖ ነበር። የድራማው የሳምንቱ ክፍል እሑድ ከሰዓት ይደገማል። ሰው ከሰንበቴ ሲመለስ፣ የጠላው ሞቅታ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ፣ በዚያው ወደ ጋሽ ማሞ ቤት ይገባል። የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀ ስላስቸገረ፣ ታላቅ እህቴ ሰናይት የእኛን ቤት ባና ተሸክማ ትሄድና መስኮቱ ላይ በሁለት ምስማር ትሰቅለዋለች። ክረምት ሲሆን ባናው በመንገድ ይረጥባል፤ ስለዚህ ለእኔ ሌላው ፕላኔት ዛሬም ድረስ የሚሸተው እርጥብ የበግ ጠጉር ነው።

እኔ ሰናይትን እታለም ነበር የምላት። የማስረዳት አመሌም የተጋባብኝ ከእሷ ነው። ድራማው በአማርኛ ቢናገርም ይፈጥናል፤ አንዱ ትዕይንት ምድር ላይ ሆኖ ሳለ ዓይን ሲጨፍኑ ሲገልጡ ሌላው ፕላኔት ላይ ይሆናል፤ እታለም ታዲያ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን ለምን እንደ ተቆጣ ለሽማግሌዎቹ ታስረዳለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታሪኩን ከራሷ ፈጥራ ትቀጥለዋለች። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ነገር ሲታይ ሰዎቹ የሚቆጡት በእሷ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ነበር።

አንዱ ክፍል ሲያልቅ ጋሽ ማሞ ድምፁን ይቀንሱና ልክ እንደ ሽምግልና በዕድሜ ቅደም ተከተል አስተያየት ይሰጣል። እሳቸው ራሳቸው ከሰፋሪዎቹ ልብስ በቀር የሚታያቸው ነገር አልነበረም፤ «መርፌው ጥሩ አርፏል፤ ግን እንዲህ ቂጥ ላይ ተጣብቆ እንዴት አድርገው ነው የሚቀመጡት?» ይላሉ። ገበሬዎቹ አፈሩን ያዩታል፤ ሲረገጥ የሚበን መሬት ገብስ እንደማይዝ፣ ሣር የሌለበት አገርም በግ እንደማያቆም በአንድ ድምፅ ፈረዱ። «በግ ሳይዙ ነው የሄዱት? እንግዲያ ብርዱን እነሱ ያውቃሉ!» አለ አንዱ።

ከሁሉ በፊት የመናገር ተራ የነበራቸው እማማ አስካለ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ሰናይትዬ፣ ከሄዱት የተመለሰ አለ?» ይላሉ። እታለም ሁሉንም ታስረዳለች እንጂ ወደፊት የሚሆነውን አትናገርም፤ «ገና አላለቀም እማማ» ትላቸዋለች።

ምክንያታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ታናሽ ወንድማቸው ደምሴ በጭነት መኪና ተጭኖ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ሄዶ ነበር። እዚያ ስደርስ ቃል እልካለሁ ብሎ እንደ ወጣ ቀረ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ በእኛ አገር መርዶ ላልመጣለት ሰው አይለቀስም፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ደግሞ እርሙ አይወጣም፤ ዘመዱ ሐዘኑን ሳያወርድም ሳይረሳም ተሸክሞት ይኖራል። እማማ አስካለም እንደዚያ ነበሩ። ሰው ቤት ለቅሶ ሲደርሱ እንኳ የሌላውን ሟች ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ እንጂ የደምሴን ስም አያነሡም።

የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት የጋሽ ማሞ ቤት እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። በድራማው ታናሹ ወንድም ሌሎቹን አሳፍሮ ልኮ እዚያው ፕላኔት ላይ ብቻውን ይቀራል፤ እህትየዋ ምድር ላይ ሬዲዮ ፊት ተቀምጣ ድምፁን ትጠብቃለች፤ በሬዲዮው ግን ሹክሹክታ እንኳ አይመጣም። ፀጉሯ እስኪሸብት ጠብቃ፣ አንድ ቀን እጇን ሰደደችና ሬዲዮውን አጠፋችው። ያን ጊዜ እማማ አስካለ ከመደቡ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ደምሴ!» አሉ፤ «ደምሴ፣ ወንድም ጋሻዬ!»

አንዳንዱ ልጅ ሳቀ። ጋሽ ማሞ ደንግጠው «ኧረ እማማ፣ ድራማ እኮ ነው!» አሉ።

«ይተዉአቸው ጋሼ» አለች እታለም ቀስ ብላ።

ጋሽ ማሞም እማማን አዩና ነገሩ ገባቸው። ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ ሽፋኑን መለሱለት፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌላውም ተከትሎ ተቀመጠ፤ ያ የተመልካች ጉባኤ የለቅሶ ቤት ሆነ። ሴቶቹ ደረት መቱ፤ ከጎረቤት ንፍሮ መጣ፤ እታለም ባናውን ከመስኮቱ አውርዳ እማማ ትከሻ ላይ ጣለችላቸው። በማግሥቱ ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፣ ኋላም ተዝካሩ ወጣ። እማማ አስካለ ከዚያ በኋላ የኖሩት ጥቂት ዓመት ነው፤ ግን ቀና ብለው ሲሄዱ ያየናቸው በእነዚያ ዓመታት ነበር።

አሁን ጋሽ ማሞም የሉም፤ ቤታቸው የስልክ መጠገኛ ሆኗል። አስተያየት እንኳ ዛሬም ሞልቷል፤ ተማሪዎቼ ሰው ከቪዲዮው ሥር የሚጽፈውን ያሳዩኛል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይሳደባል፣ ብዙው ብልህ ነገር ይጽፋል። ግን አንዱ ቢያለቅስ ነጠላውን አዘቅዝቆ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እዚያ የለም።

እታለም ዐረብ አገር ልሂድ ብላ ከወጣች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ከባሕሩ ዳር፣ በሰው ስልክ ነው፤ ነገ እንሻገራለን አለች። እናቴ ያን ጥሪ የተቀበለችባትን ባለቁልፍ ስልክ አንድም ቀን ዘግታት አታውቅም። ዘመሮ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ለማድረግ ጄኔሬተር ያለበት ቤት ትሄዳለች፤ አዲስ ስልክ ገዝቼላት ብወስድ ቁጥሩ እንዳይጠፋ ፈርታ ሲሟን አላወጣም አለች።

ከዚያ ትምህርት በኋላ ቅዳሜ ወደ ዘመሮ ወረድኩ። ለምን እንደ ሆነ ራሴም በደንብ አላውቀውም፤ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ የመጨረሻውን ክፍል በስልኬ ከፈትኩላት። ገና ሲጀምር አወቀችው። «የሰናይት ድራማ» አለች፤ ፈገግም አለች። ጋሽ ማሞ ስለ ልብሱ ያሉትን፣ ገበሬዎቹ ስለ አፈሩ የፈረዱትን እያነሣን ሳቅን። እህትየዋ ሬዲዮው ፊት ስትቀመጥ ግን እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ፀጉሯ ሸበተ። እጇን ወደ ማጥፊያው ስትሰድድ እናቴ መዳፏን ስክሪኑ ላይ ከደነችው።

«ተው ልጄ። እሱን አታሳየኝ።»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ስለ እርም፣ ስለ እማማ አስካለ፣ ስለዚያ ቀና ብሎ መሄድ ልነግራት ነበር። እሷ ግን በሌላው እጇ አሮጌዋን ስልክ ከጉያዋ አውጥታ ቻርጁን እያየች ነበር። ድራማው ከመዳፏ ሥር ትንሽ ተሰማ፤ ከዚያም አለቀ። ጣራው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ እኔም ተነሥቼ ደጅ የተሰጣውን ባና አስገባሁ።