የጭላዳ ዋሻ ጥበቃ

ተክለጻድቅ በዕድሜው ሁለት ነገር ጠብቋል፤ በግና ዋሻ። በግ ይሻላል። በግ ሲመሽ ጉረኖው ይገባል፣ ጠባቂውም ያርፋል። ዋሻ ግን የትም አይገባም።

የዋሻ ጥበቃው የመጣው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ከዘመሮ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ አፋፉ ሥር ያለው ጭላዳ ዋሻ በናዳ አፉ ፈረሰና፣ ከአፈሩ ውስጥ ዝገት የበላው ወፍራም ብረት ብቅ አለ። በመጥረቢያ ጫፍ ነካ ያደረገው አንድ ጎረቤት በማግስቱ እጁ የፈላ ውኃ እንደ ፈሰሰበት ተላጠ። ብረቱ በጣሊያን ጊዜ ከተጣለው መርዝ የተረፈ ነበር። የወረዳ ሰዎች መጡ፣ ዋሻውን በእሾህ ሽቦ አጠሩት፣ ለአፋፉ ቅርብ የሆነውን ተክለጻድቅንም ዘበኛ አደረጉት።

«ሰው እንዳይገባ፣ ከብት እንዳይጠጋ» አሉት። ቀጥለውም «ቄስም ቢሆን!»

ቄስ ያሉት አለነገር አይደለም። ዋሻው ውስጥ ከጣሊያን ተደብቀው በዚያ መርዝ ያለቁ የእናቱ ዘመዶች አሉ፤ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ወንድሞች፣ አሥራ አንድ ነፍስ። እናቱ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ሳል ይዟቸው ስለነበር ድምፃቸው መደበቂያውን ያጋልጣል ተብሎ ራቤል ላሉት አክስታቸው ተላኩ። ሳል ያዳነው ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ ወዲህ መርዙን ደፍሮ ሟቾቹን የቀበረ፣ ፍታት ያደረሰላቸውም የለም። የደብሩ ቄስ አባ መርስዔ ኃዘን በየዓመቱ ከዋሻው አፍ ቆመው አጭር ጸሎት አድርሰው ይመለሱ ነበር። ከሽቦው ወዲህ እሱም ቀረ።

እማሆይ አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቆብ ከደፉ ወዲህ ልጃቸውም «አንቺ» ማለቱን ትቷል። ከዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ሳይሞቱ ዋሻው ውስጥ ፍታት ተደርጎ የአሥራ አንዱ የክርስትና ስም ሲጠራ መስማት። ስሞቹን አክስታቸው አስጠንተዋቸዋል። ልጃቸው ልጻፋቸው ቢል «የነፍስ ስም ለቄስ እንጂ ለደብተር አይሰጥም» ብለው ከለከሉት።

ሽቦው በታጠረ በዓመቱ አቶ ይሥሐቅ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ የቀበሌውን ሰው ሰበሰበ። የአገራችንና የጣሊያን መንግሥታት በውጭ አገር እየተደራደሩ ነው አለ፤ ስምምነቱ ሲፈረም የውጭ ባለሙያዎች መጥተው «ዋሻው ውስጥ ፍተሻ ይደረጋል»።

እማሆይ ከኋላ፣ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ድንገት ብድግ ብለው እልል አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ይሥሐቅ እንኳ ደስ ብሎት ፈገግ አለ።

ተክለጻድቅ ነገሩ የገባው ቤት ሲደርሱ ነው።

«ሰማህ ተክሌ? ነገሥታቱ ተነጋግረው ፍታት ሊያደርጉላቸው!»

ሊያርማቸው ብሎ ተወው። ፍተሻው ካለቀ ሽቦው ይነሳል፣ ሽቦው ከተነሳ አባ መርስዔ ይገባሉ፤ ታዲያ ፍተሻው ዞሮ ዞሮ ፍታት አይደለም? እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ዝም አለ። ዝምታውም ሥር ሰደደ። እማሆይ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ፣ ለዝክሩ ጠላ የሚሆን ገብስ ለይተው አስቀመጡ።

«ፈረንጅ ገድሎ ፈረንጅ ሊፈታ!» ብላ ሳቀች ጎረቤታቸው ተሾመች። «ጸሎቱን በምን ቋንቋ ሊያደርሱት ነው እማሆይ?»

«በምላሳቸው ያድርሱት። እግዜር ጣሊያንኛ ይጠፋዋል?»

ፊርማው ግን አልመጣም። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። ተክለጻድቅ ዓለም ከተማ የሄደ ቀን ኔትወርክ አግኝቶ ወደ አቶ ይሥሐቅ ደወለ።

«ድርድሩ አንድ ቃል ላይ ቆሟል» አለው ሰውዬው በደከመ ድምፅ። «ብረቱ ‹ያረጀ› ይባል ወይስ ‹የተተወ›?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ጌታዬ?»

«ያረጀ ከተባለ የምናስወግደው እኛ ነን። የተተወ ከተባለ የተወው አገር መጥቶ ያንሳው ነው። እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

ይህን ለእማሆይ ሲነግራቸው ጥቂት አሰቡ። «እኔስ?» አሉ ቆባቸውን እያስተካከሉ። «ያረጀሁ ነኝ የተተውሁ?»

ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ግን ያን ሰሞን አንድ ነገር አስተዋለ። እማሆይ ጠዋት ጠዋት ስሞቹን ለብቻቸው በሹክሹክታ ሲደግሙ ድሮ እንደ ዳዊት ሳያቋርጡ ይወርዱት ነበር። አሁን መካከል ላይ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ።

በኅዳር አንድ ነጭ መኪና መጣ። አቶ ይሥሐቅና ሁለት ፈረንጆች ወረዱ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ እማሆይ በቃሬዛ ተጭነው፣ አባ መርስዔን አስከትለው አፋፉ ሥር ደርሰዋል። ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ፈረንጆቹ ጭንብላቸውን አድርገው ከሽቦው ውጭ ቆሙ፣ ፎቶ አነሱ፣ በመሣሪያ ርቀት ለኩ፣ ጻፉ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ ወደ መኪናቸው ዞሩ።

«የት ይሄዳሉ?» አሉ እማሆይ። «ፍታቱስ?»

አቶ ይሥሐቅ ግራ ገባው። «የምን ፍታት እናቴ?»

«በአፍህ የተናገርኸው! ዋሻው ውስጥ ፍታት ይደረጋል አላልህም?»

«ፍተሻ ነው ያልሁት… እሱም ስምምነቱ ሲፈረም ነው። ዛሬ እንዲያው ለማየት ነው የመጣን። ቀጣዩ ስብሰባ ለከርሞ ተቀጥሯል።»

እማሆይ አልሰሙትም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምንድን ነው የሚለው ተክሌ?»

ሁሉም ያየው ጀመር። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ፍታት አይደለም እማሆይ። ፍተሻ ነው። እኔ… አውቅ ነበር።»

እማሆይ መኪናውን በዓይናቸው ተከተሉ። መኪናው ተነሥቶ ዳገቱን ሲይዝ አቧራው ብቻ ቀረ።

«ፍተሻ» አሉ በመጨረሻ። «ምን ሊፈትሹ? ምን ጠፋባቸው?»

ከቃሬዛው ወርደው በምርኩዛቸው ወደ ሽቦው ተራመዱ። «ዘበኛው አንተ አይደለህ? ክፈትልኝ። አባ፣ ይምጡ።»

አባ መርስዔ ተክለጻድቅን አዩት። ተክለጻድቅ የጎረቤቱን የተላጠ እጅ አሰበ። እናቱና ሽቦው መካከል ገብቶ ቆመ፤ በሕይወቱ መንገድ ሲዘጋባቸው የመጀመሪያው ነው።

«አልችልም እማሆይ።»

«እንግዲያስ ከዚሁ ይጠሩልኝ» አሉ ቄሱን። «እየነገርሁዎት ይበሉ።»

አባ መርስዔ መስቀላቸውን አወጡ። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ወልደ ሚካኤል። ወለተ ኪዳን። ኃይለ ማርያም። ቄሱ እየተከተሉ ይደግማሉ። ገብረ ሕይወት። ጽጌ ማርያም። ወልደ ሰንበት። አመተ ማርያም።

ከዚያ እማሆይ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው ከወልደ ሚካኤል ጀመሩ፤ እዚያው ሰባተኛው ላይ እንደገና ቆሙ።

«ማን ነበር?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ተክሌ፣ ቀጥሎ ማን ነበር?»

ተክለጻድቅ ዱላውን እንደያዘ ቆሟል። ከጀርባው ሽቦ ነው፤ ከሽቦው ጀርባ አራቱ ስማቸውን ይጠብቃሉ። እሱም አያውቀውም።