የተመረገው በር

በከተማው የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁር ወፍ ቁራጭ ፓፓያ ይዞ ከሽቦው ኋላ ቆሟል፤ አይውጠውም።

ልጅ ሳለሁ፣ የቡ በምትባል የገጠር ከተማ፣ በአያቴ የቡና ማሳ መሃል ባለ ዋንዛ ላይ እንዲህ ያለች ወፍ በጭቃ ከተመረገ ሽንቁር ምንቃሯን ብቻ አውጥታ አየሁ። የታሰረች መስሎኝ ዛፉ ላይ ወጥቼ ጭቃውን አፈረስኩት።

«አባባ፣ ፈታኋት» አልኳቸው።

አያቴ ቀና ብለው አዩ። «አስተግፊሩላህ። ያሰራት የለም፣ ልጄ። በሩን የመረገችው ራሷ ናት። ላባዋ ረግፏል፣ እንቁላል ታቅፋለች፤ የሚያጎርሳት ባሏ ነው። አሁን ጦጣ ቢመጣባት በምን ትብረር?»

በማግስቱ ሽንቁሩ ባዶ ነበር። ባሏ ግን ሾላ በምንቃሩ ይዞ መጥቶ እዚያው ቆሞ ዋለ።

ፓፓያው ለማን እንደሆነ የማቆያውን ጠባቂ አልጠየቅኩም።